ባለ 36ቱ ፊልምና የነገሌ ወፎች

በእጅ የሚታዘዝ ባለ ፊልም ካሜራ ማለት የትኩረቱን ርቀት፣ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳውን ስፋትና ሻተር የሚባለውን የመዝጊያውን ፍጥነት ሦስቱንም ሰው በገዛ ጣቱ እያዞረ የሚወስንለት፣ ከእያንዳንዱ ምስል በኋላም ፊልሙ በአውራ ጣት ካልተጎተተለት በቀር ሌላ ምስል አልቀበልም ብሎ የሚያምፅ መሣሪያ ሲሆን፣ የዱር ወፍ ማለት ደግሞ ይህ ሁሉ ሥርዐት ተፈጽሞ እስኪያበቃ ድረስ በቅርንጫፉ ላይ የመቆየት ምንም ዓይነት ግዴታ የሌለበት ፍጡር ነው። ሁለቱን ለማስማማት የሚደክመው ሦስተኛ ወገን ፎቶ አንሺ ይባላል። የዚህ ሽምግልና ታሪክ በአብዛኛው የከሸፈ ሽምግልና ታሪክ ነው፤ ይሁን እንጂ ሽማግሌው ስላልተሳካለት ብቻ ከነገሩ እጁን ያወጣበት ጊዜ እምብዛም አይታወቅም።

ለዚህ ዐይነቱ ድካም ከአርሲ ነገሌ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆና በባቱ (በቀድሞዋ ዝዋይ) አድርጎ ወደ ሻሸመኔ በሚወርደው፣ ከዚያም እስከ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ራሷ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በስተምሥራቅ የሙኔሳ ደን ያለበት ደጋ ይነሣል፣ በስተሰሜንና በስተምዕራብ ደግሞ መሬቱ እየወረደ ሄዶ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ የተባሉት ሐይቆች ወደተኙበት ስምጥ ሸለቆ ይደርሳል። ስለዚህ ጧት በደጋው ዝግባ ሥር በቀቀን ፍለጋ አንገቱን ሲያንጋጥጥ ያረፈደ ሰው፣ ከቀትር በኋላ በአብጃታ ዳር ፍላሚንጎ ፍለጋ ጭቃ ሲረግጥ ሊያመሽ ይችላል፤ በሁለቱም ቦታ ባዶ እጁን የመመለስ ዕድሉ እኩል ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቋቋመው የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ሆኖ የተከለለ መሆኑ ብቻ መሥራቾቹ በዋናነት ያሰቡት ለወፎቹ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ነገሌ በሀገሩ ሁሉ ስሟ የሚነሣው ግን በወፍ ሳይሆን በአረቄዋ ነው፤ ይህም ከተያዘው ጉዳይ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ አይደለም። ካሜራን ያለ ማቆሚያ በእጅ ይዞ ለማንሣት የቆየ ደንብ አለ፤ ደንቡም የመዝጊያው ፍጥነት ከሌንሱ ርዝመት ቁጥር ማነስ የለበትም የሚል ነው፤ ማለትም 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ሌንስ የሚያነሣ ሰው መዝጊያው ቢያንስ በሰከንድ አንድ አራት መቶኛ መከፈትና መዘጋት አለበት፣ በካሜራው ቁልፍ ላይ ይህ ቁጥር ስለሌለም ቀጥሎ ያለውን 500 ይመርጣል። አለዚያ የእጁ ንቅናቄ በምስሉ ላይ ይታተምና ከአንድ ወፍ ሁለት ጥላ ያወጣል። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ማታ የነገሌን ካቲካላ ቀማምሶ ጧት በ12 ሰዓት የተነሣን እጅ ግምት ውስጥ እንዳላስገቡ ግልጽ ነው። ለእንዲህ ያለው እጅ 1,000 ላይ አድርጎ መጸለይ ብቻ ይቀራል፤ ከድሮዎቹ ካሜራዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከዚያ በላይ ቁጥር የላቸውም፣ በደርግ ዘመን በሀገራችን በብዛት የታየው የሶቪየቱ ዜኒት ኢ እንዲያውም የሚያበቃው በ500 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥሩ ራሱ ነው። የተለመደው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ቢበዛ 36 ምስል ይይዛል። ዛሬ አንድ ዲጂታል ካሜራ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምስል ማንሣት ይችላል፤ ባለ ፊልሙ ሰው ግን በእነዚህ 36 ዕድሎች ጧቱን፣ ቀኑንና ከተቻለም ሳምንቱን መግፋት ይኖርበታል። ፊልም እንደ ድሮው በየፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ አይሸጥም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ሲመጣ ይገኛል፣ ያም ቢሆን በየአውሮፕላን ማረፊያው ያለው የፍተሻ ጨረር ሳያጠቁረው ካለፈ ነው። በመሆኑም ፎቶ አንሺው በፊቱ ለሚያርፍ ለእያንዳንዱ ወፍ «ይህ አንድ ፊልም ይገባዋል ወይ?» የሚል ፍርድ ቤት ይሰይማል። ቁራ በዚህ ፍርድ ቤት አሸንፎ አያውቅም። ድንቢጥ ማመልከቻዋ አይታይላትም። ጀርባው በሰማያዊና በአረንጓዴ የሚያብረቀርቀው፣ ሆዱ ብርቱካንማ የሆነው፣ በየሆቴሉ ግቢ ከጠረጴዛ ሥር ፍርፋሪ የሚለቅመው ወፍ ደግሞ ሌላ ሀገር ቢሆን ሰው አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለት ሆኖ ሳለ፣ በነገሌና በላንጋኖ መካከል ስለ በዛ ብቻ «ነገም ይገኛል» ተብሎ ይታለፋል። የሚታወሰውም ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ከዚያም ሊሄዱ መኪና ውስጥ ሲገቡ ነው።

የዚህ ስስት ጥቅም የሚገለጸው ቀስ እያለ ነው። ብዙ ማንሣት የማይችል ሰው ብዙ ማየት ግዴታ ይሆንበታል፤ ወፉ የሚያደርገውን ከማድረጉ በፊት ካላወቀ ጣቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ለምሳሌ በላንጋኖ ዳር በደረቀ የግራር ጫፍ ላይ የሚቀመጠውና ራሱና ደረቱ ነጭ የሆነው ዓሣ በል ንስር ከመነሣቱ በፊት ምልክት አለው። መጀመሪያ ላባውን ይሰበስባል፣ ቀጥሎ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፉን በጥፍሩ ያጠብቃል፤ ብዙ ጊዜም ከዚህ ቀድሞ ጭራውን ቀና አድርጎ ኩሱን ይጥላል፤ በረራው ከባድ ስለሆነ ሸክሙን ማቅለሉ ነው። በንስር ግርማ የተመሰጠ ገጣሚ ይህን ክፍል አይጽፈውም፤ ፎቶ አንሺ ግን በጉጉት የሚጠብቀው እሱኑ ነው፤ ኩሱ እንደ ወደቀ ጣቱን መጫን አለበትና። ይህን የማያውቅ ሰው ከ36ቱ ውስጥ 30ውን ባዶ ቅርንጫፍ ያነሣበታል፤ ባዶ ቅርንጫፍም ቢሆን በጥሩ ትኩረት የተነሣ ስለሚሆን ይበልጥ ያናድዳል።

በበረራ ላይ ያለን ወፍ በምስል የመያዝ ምኞት አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1882 በሰከንድ 12 ምስል የሚያነሣ፣ ቅርጹም ጠመንጃ የሆነ ካሜራ ሠርቶ ወፎችን በአየር ላይ ሲያነጣጥርባቸው፣ በዚያው ዘመን ካነሣቸው ምስሎች አንዱ በአንድ ወረቀት ላይ ክንፉን ደጋግሞ ሲዘረጋ የሚታይ ፔሊካን ነው። ፔሊካን ከመንቁሩ ሥር ሰፊ የቆዳ ከረጢት ያለው ትልቅ ዓሣ በል የውኃ ወፍ ሲሆን፣ የሻላን ደሴቶች ለመራቢያነት የመረጠው የዚሁ ወገን ነው። የጠመንጃው ሐሳብ በሶቪየት ኅብረት ዳግም ተነሥቶ ዜኒት ፎቶ ስናይፐር የተባለ፣ 300 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በትከሻ ላይ የሚያርፍ ሰደፍና እውነተኛ ምላጭ ያለው ካሜራ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ተመርቷል። እጅን ከመንቀጥቀጥ ለመጠበቅ ከዚህ የተሻለ ቅርጽ እምብዛም አልተሠራም። ይሁን እንጂ በሞያሌ አውራ ጎዳና ዳር ቁጥቋጦ ውስጥ ተደፍቶ፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ ደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ማዶ የሚያነጣጥር ሰው «ወፍ ነው» ብሎ ለማስረዳት የሚኖረው ጊዜ ከመዝጊያው ፍጥነት እምብዛም የማይበልጥ መሆኑን ማንም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይረዳዋል።

ሰላማዊው አማራጭ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ነው፤ እሱም ቢሆን የራሱ መዘዝ አለው። በእርሻ ዳር ሦስት እግር ተክሎ፣ በላዩ ረጅም ቱቦ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይኑ ወደ ሩቅ የሚመለከት ሰው በኢትዮጵያ ገጠር አንድ ሙያ ብቻ ነው ያለው፤ እሱም ቀያሽነት ነው። እርኩምን ለማንሣት አንድ የስንዴ ማሳ ዳር ካሜራ የተከለ ሰው ብዙም ሳይቆይ የባለ ማሳውን ሽማግሌ ከጎኑ ቆመው ያገኛቸዋል።

«ልጄ፣ መንገዱ በየት በኩል ነው የሚያልፈው?»

«አይ አባባ፣ እኔ ወፍ ነው የማነሣው።»

«እሱስ ይሁን። ካሳው መቼ ነው የሚከፈለው?»

ማስረዳቱ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም፤ የተማረ ሰው ከከተማ ድረስ መጥቶ አንዲት ወፍ ለማየት ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ይቆማል የሚለው ምክንያት፣ መንገድ ሊቀየስ ነው ከሚለው ጋር ሲመዛዘን፣ የትኛው የማይታመን እንደሆነ ሽማግሌው ያውቃሉ። ማቆሚያውን ትቶ በሣሩ ላይ በደረቱ የተኛውም አይቀናውም፤ አላፊ አግዳሚው «ወንድሜ፣ አሞህ ነው?» እያለ ይቆማል፣ ከደጋጎቹ አንዷም ውኃ በጣሳ ይዛ ትመጣለች፣ ወፉም የሕዝቡን ደግነት አይቶ ይሄዳል።

ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር ናቸው። «ጋሼ፣ እኔን አንሣኝ!» የሚለው ጥያቄ በባለ ፊልም ካሜራ ሲመጣ የወፉን ድርሻ የሚነካ የበጀት ጥያቄ ይሆናል፤ ቢነሡም በኋላ «አሳየን» ይላሉ። የካሜራው ጀርባ ጥቁር ቆዳ ብቻ ሆኖ ሲያገኙት ገልብጠው ያዩታል፣ በጣታቸው ይነኩታል፣ አይበራም። ምስሉ የሚታየው ፊልሙ አልቆ፣ በጨለማ ታጥቦ፣ በወረቀት ላይ ታትሞ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ እንደሆነ ሲነገራቸው ከመካከላቸው አንዱ ካሜራውንና ሰውየውን ተራ በተራ አይቶ በሐዘኔታ «ጋሼ፣ ሸውደውሃል» ይላል። ይህን ፍርድ በይግባኝ ለማስቀልበስ የሚያስችል ማስረጃ በዕለቱ ማቅረብ አይቻልም።

የመደበቅ ጉዳይ በዚህ ምክንያት ከሁለት ወገን፣ ከወፍም ከሰውም፣ የሚነሣ ጥያቄ ነው። የዱር ወፍ ፎቶግራፍ አባቶች ከሚባሉት መካከል የሚቆጠሩት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን እ.ኤ.አ. በ1892 የወፍ ጎጆን ከነእንቁላሉ በምስል ከያዙ በኋላ፣ ወደ ወፉ ራሱ ለመቅረብ የበሬ ቆዳ በእንጨት አጥንት ላይ ወጥረው፣ ሆዱን ባዶ አድርገው፣ በውስጡ ሰውና ካሜራ የሚገባበት ሰው ሠራሽ በሬ ሠርተው ነበር። ሪቻርድ አንድ ቀን በሬው ሆድ ውስጥ ረጅም ሰዓት ጎብጦ ቆይቶ ራሱን በመሳቱ በሬው አራት እግሩን ወደ ሰማይ አድርጎ እንደ ተገለበጠ፣ ወንድሙም ሊረዳው ሲመጣ መጀመሪያ ፎቶ እንዳነሣው ይነገራል። በአርሲ ምድር ይህ ዘዴ በመርህ ደረጃ ተስማሚ ነው፤ የአካባቢው ወፍ ከብት አይፈራም፣ እንዲያውም በከብት ጀርባ ላይ ተቀምጦ መዥገር ይለቅማል። በተግባር ግን ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይግጥ፣ ሳያመሰኳና ጭራውን ሳያወዛውዝ አንድ ቦታ የሚቆም በሬ በአርሲ ከእረኛ ዓይን አያመልጥም። አንደኛ በዱላ ይሞከራል። ሁለተኛ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ለሚሆነው፣ የቅርቡ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ ማወቅ ይበቃል።

ከኪርተኖች በሬ ይልቅ በነገሌ የተፈተነው የፈረስ ጋሪ ነው። ከከተማው ወደ ሐይቆቹ በሚወርዱት የጥርጊያ መንገዶች ላይ ጋሪ ሲመላለስ ወፎቹ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ስለሚያዩት ሰው በእግሩ ሲመጣ የሚበሩትን ያህል ጋሪ ሲመጣ አይበሩም፤ በላዩ የተቀመጠውን ሰው ከጋሪው ለይተው የሚያዩት አይመስልም። ቆቅና ጅግራ፣ አልፎ አልፎም ጥንድ እርኩም፣ ጋሪው አሥር ሜትር ያህል እስኪደርስባቸው ድረስ ሥራቸውን ይሠራሉ። ጉድለቱ ፈረሱ ነው። ፈረስ «ቁም» ሲባል ይቆማል፣ ነገር ግን ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳውን ያንቀጠቅጣል፣ ያም ንቅናቄ በማሰሪያው በኩል ወደ ጋሪው፣ ከጋሪው ወደ ሰውየው፣ ከሰውየውም ወደ 400 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ይተላለፋል። ባለ ጋሪው ደግሞ ሒሳቡ በሰዓት ይሁን በወፍ ቢነገረው ደስ ይለዋል።

እርኩም ከተነሣ ስለ ብርሃን መለኪያው ማብራራት ተገቢ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው መርፌ ያለው መለኪያ ዓለም ሁሉ በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ የሚያምን ሲሆን፣ ጥቁር ነገር ሲያይ «ብርሃን አነሰ»፣ ነጭ ነገር ሲያይ «ብርሃን በዛ» ይላል። እርኩም ከሞላ ጎደል ጥቁር፣ እንደ ቱርክ ዶሮ የገዘፈ፣ በእግሩ መሄድ የሚመርጥ፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት እንደ ሙሽራ የረዘመ ወፍ ነው። መለኪያውን የታዘዘ ሰው አመድ የተነሰነሰበት ግራጫ እርኩም ያገኛል፤ ያንኑ መለኪያ ይዞ ወደ ፔሊካን ሲዞር ነጩ ወፍ የከሰል ከረጢት የተሸከመ ያህል ጠቁሮ ይወጣለታል። የቀድሞ ሰዎች ስለዚህ መለኪያውን ትተው የገዛ መዳፋቸውን በፀሐይ ላይ ይዘረጉና እሱን ለክተው፣ መዳፍ ከግራጫው አንድ ደረጃ ያህል ስለሚነጣ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ይከፍታሉ። ወይም በጠራ ፀሐይ ቀዳዳውን 16 ላይ፣ መዝጊያውን በፊልሙ የብርሃን ስሜት ቁጥር ላይ ያደርጋሉ፤ ፊልሙ ባለ 400 ከሆነ 16 ላይ 500፣ ወይም 11 ላይ 1,000 ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆው የበጋ ሰማይ ሥር ይህ ስሌት ከብዙ መለኪያዎች ይልቅ ታማኝ ሆኖ ይገኛል።

አብጃታ ዳር ሲደረስ ግን ስሌትም መደበቂያም ዋጋ ያጣል። ውኃው ወደ ኋላ የሸሸበት ሜዳ ነጭ የሶዳ ቅርፊት ለብሶ እስከ ሩቅ የተዘረጋ ሲሆን፣ በላዩ ቁጥቋጦ ይቅርና ድንጋይ የለበትም፤ ቅርፊቱም ላዩ ደረቅ፣ ውስጡ ጭቃ በመሆኑ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ፍላሚንጎዎቹ፣ ማለትም እግራቸውና አንገታቸው የረዘመ ሮዝማ የውኃ ወፎች፣ ሰው ሲቀርብ አይበሩም፤ ይራመዳሉ። ሰውየው 50 እርምጃ ሲቀርብ እነሱ 50 እርምጃ ይርቃሉ፤ ሲቆምም ይቆማሉ፤ የተወሰነ ርቀት የመጠበቅ ስምምነት በአንድ ወገን ብቻ የተፈረመ ነው። ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው በሶዳማ ውኃ የሚበቅለውን በዓይን የማይታይ አልጌ ራሱን ገልብጦ በመንቁሩ እያጣራ በመሆኑ፣ ቢነሣም ምስሉ ላይ የሚታየው ሁለት እግርና አንድ ጀርባ ነው። ራሱን ቀና የሚያደርገው ሲጠራጠር ነው፤ ሲጠራጠር ደግሞ ይዞራል፤ በዚህም ምክንያት ከአብጃታ የተመለሰ ፊልም ብዙውን ጊዜ የጭራ ስብስብ ነው።

የፔሊካኖቹ ነገር ከዚህ የረቀቀ ነው። ሌስሊ ብራውንና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባን የሻላን ነጭ ፔሊካን የመራባት ሁኔታ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ወፉ እንቁላሉን የሚጥለው ሰውና አውሬ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ ሲሆን፣ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሻላ ግን ለእንዲህ ያለ መንጋ የሚበቃ ዓሣ ስለማይሰጥ ለጫጩቶቹ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር አለበት። ይህን ከባድ አካል በክንፍ ብቻ ማንሣት ስለሚያደክመው መሬቱ በፀሐይ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሣት እስኪጀምር፣ ማለትም ጧት እስከ 3 ወይም 4 ሰዓት ድረስ ይጠብቅና በሚነሣው የሞቀ አየር ላይ እየተሽከረከረ ይወጣል። ለፎቶ አንሺው የሚያሳዝነው ያው የሞቀ አየር መሆኑ ነው። ወፉን የሚያነሣው አየር የሌንሱን ምስል ያፈላዋል፤ ከ400 ሚሊ ሜትር በላይ ያለው ሌንስ በዚያ ሰዓት በሶዳው ሜዳ ላይ ሲያይ የሚታየው ሁሉ ይርገበገባል። አየሩ በጠራበት በ12 ሰዓት ፔሊካኑ አይነሣም፤ ፔሊካኑ በተነሣበት ሰዓት አየሩ አይጠራም። ከዚህ ክርክር ነጻ የሆነ ፔሊካን የሚፈልግ ሰው ወደ ባቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ሄዶ ከዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ አጠገብ ከአባ ኮዳዎቹ ጋር ተሰልፎ የዓሣ አንጀት የሚጠብቀውን ያገኛል፤ እሱን ለማንሣት ተራ ሌንስ ይበቃል፣ ችግሩ ወደ ኋላ እንዲል ማድረግ ብቻ ነው።

የሚቀርቡት ወፍ ሁሉ ግን እንዲህ ሰላማዊ አይደለም፤ በእንግሊዙ ፎቶ አንሺ በኤሪክ ሆስኪንግ ላይ የደረሰው እዚህ መጠቀሱ ተገቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ጎጆዋን ሊያነሣ የቀረበባት ጉጉት በጥፍሯ አንድ ዓይኑን አጥፍታበት፣ እሱ ግን በቀረው ዓይኑ ሥራውን ቀጥሎ ከዘመኑ ታላላቅ የወፍ ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆኗል። ካሜራም የሚፈልገው አንድ ዓይን ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ የሚጠብቀው ፈተና ከሜዳው አያንስም። መጀመሪያ ፊልሙ በእርግጥ ተነሥቶበት እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ፊልሙ በሚጠቀለልበት ዘንግ ላይ በደንብ ካልተያዘ ካሜራው ይጎተታል፣ ይዘጋል፣ ድምፁ አይለወጥም፣ ቆጣሪው 36 ያልፋል፣ 38 ይላል፣ 40 ይላል፣ ባለቤቱም በልቡ ፋብሪካው ለጋስ መሆኑን ያመሰግናል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በግራ በኩል ያለችው የመመለሻ ቁልፍ ፊልሙ ሲጎተት አብራ መዞር አለባት። ያልዞረች እንደሆነ ንስሩም፣ እርኩሙም፣ የልጆቹም ሳቅ አልተነሣም።

ማጠቡ ቀጥሎ ይመጣል። እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚሠራበት ዲ 76 የተባለው ማውጫ ኬሚካል የተለመደው ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን፣ የነገሌ የጧት ውኃ ለዚህ የሚቀርብ በመሆኑ ከተማዋ ከአዳማና ከባቱ ትበልጣለች፤ እዚያ ሙቀቱ ከፍ ስለሚል ሰዓቱን ካላሳጠሩ ሰማዩ ሁሉ ነጭ ይሆናል። ኬሚካሉን አጥቦ ለማስወገድ ደግሞ መጽሐፉ የሚያዘው የሚፈስ የቧንቧ ውኃ ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ቧንቧ ሁልጊዜ በሚፈስበት ሀገር ነው። በጄሪካን ውኃ ለሚኖር ሰው ኢልፎርድ የተባለው የፊልም ፋብሪካ ያስተማረው መንገድ አለ፤ ዕቃውን ሞልቶ አምስት ጊዜ መገልበጥ፣ ውኃውን ቀይሮ አሥር ጊዜ፣ ዳግም ቀይሮ ሃያ ጊዜ። ሦስት ሙሊት ይበቃል፤ በቤት ውስጥ ያለውም ሰላም ይጠበቃል።

የመጨረሻው ውጤት ታትሞ ለዘመድ አዝማድ ሲታይ የሚነሣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ወፉ የታለ?» በጣት ይጠቆማል። «ይሄ ነጥብ ነው?» ይባላል። አዎን ይባላል። በእጅ ካሜራ፣ ዘመድ ከውጭ ባመጣው ፊልም፣ ብዙም ረጅም ባልሆነ ሌንስ የተነሣ የአብጃታ ወፍ በምስሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ውኃ፣ ዳርቻ፣ ግራርና ሰማይ ነው። እንደ ወፍ ፎቶ ይህ ውድቀት ነው፤ ነገር ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። አብጃታ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ከስፋቱ ግማሽ ያህሉን አጥቷል፤ ከመቂና ከቀታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ፣ ከዝዋይም በቡልቡላ ወንዝ ወደ እሱ ይደርስ የነበረው ውኃ ለመስኖ ስለ ዋለ፣ ከራሱም ከሐይቁ ሶዳ ለማውጣት ውኃ ስለ ተሳበ ነው። ውኃው እየቀነሰ ጨዋማነቱ ሲከር ዓሣው ጠፋ፤ ዓሣው ሲጠፋም የሻላ ፔሊካኖች በቅርብ የነበረው ማዕዳቸው ተነሣ። በእነዚያ ዓመታት ለሽርሽር፣ ለመስክ ጉዞ ወይም ለሥራ ወርዶ በዜኒትና በመሰሎቹ ካሜራ ወፍ ለማንሣት ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሁሉ ሳያውቅ የሐይቁን ዳርቻ አንሥቷል፤ ወፉ ትንሽ በመሆኑ ምክንያት ውኃው የት ድረስ እንደ ነበር በግልጽ ይታያል።

ስለዚህ በሳጥን ግርጌ፣ በድሮ አልበም ጀርባ ወይም በወረቀት ኤንቨሎፕ ውስጥ ከአብጃታ፣ ከሻላ ወይም ከላንጋኖ የተነሣ ነጌቲቭ ያለው ሰው «ወፉ አይታይም» ብሎ እንዳይጥለው ይለመናል። ፊልሙን ጫፍና ጫፉን ይዞ በንጹሕና በደረቅ ወረቀት መጠቅለል፣ የሚታወሰውን ዓመትና የተነሣበትን አቅጣጫ በእርሳስ ጽፎ ማኖር፣ ከተቻለም ስካን አስደርጎ ቅጂውን ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ሐይቁን ለሚያጠና ዩኒቨርሲቲ መስጠት አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። ምስሉ ቢደበዝዝም፣ ወፉ ዞሮ ጭራው ብቻ ቢታይም ችግር የለውም፤ ዳርቻው እስከታየ ድረስ ይፈለጋል።